የቤት ሕልም አይነበብም

በጨፌ ዳር ዩኒቨርሲቲ ቀኑ የሚጀምረው በሰልፍ ነው። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ተማሪዎች ትራሳቸውን በብብታቸው ይዘው ከመኝታ ቤቶቹ ይወጣሉ። ጭጋጉ ከጨፌው ተነሥቶ እስከ ወገባቸው ስለሚደርስ፣ ከሩቅ ለሚያያቸው ሰው እግር የሌላቸው ይመስላሉ። የሚሄዱት ወደ ውስጥ ጥራት ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ነው። ተማሪው ትራሱን በመስኮቱ ደፍ ላይ ያኖራል፤ ከመስኮቱ በስተጀርባ የተቀመጠችው ሠራተኛ መዳፏን ትራሱ ላይ ታሳርፍና አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለች።

«የቤት ነው የትምህርት?»

«የትምህርት» ያለ እንደሆነ ሕልሙ በወረቀት ላይ ይወጣል፤ ሠራተኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታነበዋለች፤ ባለቤቱ «ልክ ነው» ሲል ለሚገባው ኮርስ ይመዘገባል። «የቤት» ያለ እንደሆነ ወረቀቱ ሳይነበብ ይታሸግና ሰማያዊው ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የባለቤቱ ስምና ቀኑ ብቻ ነው። ምንም ያላየ ተማሪ «ባዶ» ብሎ ያልፋል። ከዚያ ሁሉም ትራሱን እንደያዘ ወደ ቁርስ ይሄዳል።

ፈተና ከቀረ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ መጠይቅም አብሮት ቀርቷል። የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ በፈተና ሲኮርጅ፣ በመጠይቅ ላይም የጓደኛውን መልስ ሲገለብጥ ለብዙ ዘመን ካዩ በኋላ፣ የትምህርት ጥራት ተማሪው ተኝቶ ሳለ ከውስጡ በሚቀረው ነገር እንዲለካ ተስማሙ። በሕልም የታየ ኮርስ ደርሷል፤ ያልታየ አልደረሰም። በሦስት ተከታታይ መንፈቅ ዓመታት አንድም ሕልም ያልተመዘገበለት ኮርስ ይዘጋል፤ መምህሩም ይሰናበታል። ይህ ዛሬ ለማንም እንግዳ አይደለም። እናቶች ዩኒቨርሲቲ ለሚገባ ልጅ የሚሸልሙት ትራስ ከሆነ ቆይቷል።

ጨፌ ዳር ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሃያ አራት መምህራንና አሥራ ዘጠኝ የጥራት ሠራተኞች አሉት። የጥራት ሠራተኞቹ ኃላፊ አቶ ላቀው ዘርጋው ይባላሉ፤ የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው ናቸው። ሠላሳ አንዱን ዓመት የኖሩት በዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ተማሪዎች በሌሉበት «ጋሼ ጥራት» ይሏቸዋል፤ አልፎ አልፎ በፊታቸውም ያመልጣቸዋል። የሰማያዊው ሣጥን ቁልፍ በአንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል።

የዓመቱን ግለ ግምገማ ሪፖርት ማዘጋጀት በጀመሩበት ቀን፣ ሰኞ ከቀትር በፊት፣ አቶ ላቀው «የአፈር ንባብ» ከሚለው ኮርስ ፊት ለፊት ዜሮ አገኙ። ያለፈውን መንፈቅ ዓመት ገለጡ፤ ዜሮ ነው። ከዚያ በፊት ያለውንም ገለጡ፤ ያም ዜሮ ነው። ኮርሱ አሥራ ሦስት ተማሪዎች አሉት። አሥራ ሦስት ሰው አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ተኝቶ ስለ ተማረው ነገር አንድም ሕልም አላየም ማለት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የሰማያዊውን ሣጥን መዝገብ አመጡና ስሞቹን አስተያዩ።

አሥራ ሦስቱም እዚያ ነበሩ። ያብስራ፣ የቤት። ሰላማዊት፣ የቤት። ናሆም፣ የቤት። በሚቀጥለውም ቀን የቤት፤ በሚቀጥለውም። በግቢው ውስጥ የቤታቸውን ሕልም የሚያዩት ሌሎቹ ሁሉ ቢደመሩ ከእነዚህ አሥራ ሦስቱ ጋር አይተካከሉም።

አቶ ላቀው መነጽራቸውን አውልቀው በመስኮቱ ወደ ጨፌው ተመለከቱ።

የቤት ሕልም እንዳይነበብ የደነገጉት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ጥሩወርቅ የምትባል የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበረች። በሕልሟ እናቷ በር ላይ ቆማ «አላውቅሽም» ትላታለች። አቶ ላቀው ያን ሕልም ለትምህርት ትኩረት ማነስ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል ብለው በጥራት ጉባኤ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ስም አልጠሩም። ነገር ግን ግቢው ትንሽ ነው። ከተሰብሳቢው መካከል ሳቅ ተሰማ። ጥሩወርቅ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ በጨፌው መንገድ ሄደች፤ ትራሷን አጥሩ እንጨት ላይ ሰቅላ ትታው ነበር። ተመልሳ አልመጣችም። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ካለው የጥራት መመሪያ ውስጥ አቶ ላቀው በገዛ እጃቸው የጻፉት አንቀጽ ሰባትን ነው፦ የቤት ሕልም አይነበብም፤ ከባለቤቱ በቀር ማንም አያስከፍተውም። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ያስከፈተ ባለቤት አልነበረም።

አንቀጹን ሲጽፉ ቤትና ትምህርት ሁለት የተለያዩ ቦታዎች መሆናቸውን ለአፍታም አልተጠራጠሩም ነበር።

በማግሥቱ ወደ አፈር ንባብ ክፍል ሄዱ። ክፍሉ በጨፌው ዳር የቆመ የቆርቆሮ ዳስ ነው። መምህርት ዓይንአዲስ ክንፉ፣ አጭርና ድምፀ ጎርናና ሴት፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው በጭቃ ተለውሶ ነበር።

«አቶ ላቀው፣ ሊያዩ ነው ወይስ ሊመዝኑ?»

«ለማየት ነው የመጣሁት።»

«ለማየት ከሆነ ጫማዎን አውልቀው ይግቡ። የሚመዝኑ ከሆነ ውጭ ይቁሙ።»

«ጋሼ ጥራት ጭቃችንን ሊፈትሹ መጡ!» አለ ናሆም ከኋላ።

«የአንተን ጭቃ ከሆነ አይድከሙ» አለችው ሰላማዊት፤ ተሳሳቁ።

በጠረጴዛው ላይ አሥራ ሦስት የጨርቅ ቋጠሮዎች ተደርድረዋል። በዚህ ኮርስ የሚመዘገብ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ከቤቱ ደጃፍ አንድ ጭብጥ አፈር ቋጥሮ ይመጣል፤ ልማዱ ይህ ነው። መጽሐፋቸው ቋጠሮው ነው። ያን ቀን ተራው የያብስራ ነበር። ያብስራ ዓይነ ትልልቅ፣ ብዙ የማትናገር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። መምህርት ዓይንአዲስ ቋጠሮዋን ፈተው ግራጫውን አፈር በመዳፋቸው አሹት።

«ቀለሙን ተመልከቱ። ግራጫ ሆኖ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ የዝገት ነጠብጣብ አለበት። ምን ማለት ነው?»

«ውሃ ተኝቶበታል» አሉ ሁለት ሦስት ድምፆች። «አየር አላገኘም።»

«ያብስራ፣ ደጃፋችሁ ላይ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ወዴት ይሄዳል?»

ያብስራ ከመመለሷ በፊት ዓይኗን ጨፈነች። አቶ ላቀው ዙሪያውን ሲያዩ፣ ያልተጠየቁትም ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ እያንዳንዱ በየራሱ ደጃፍ ቆሞ የየራሱን ዝናብ የሚያይ ይመስላል። ደንገሉ በነፋስ ሲንሿሿ ብቻ ይሰማ ነበር።

«የትም አይሄድም» አለች ያብስራ በመጨረሻ። «እዚያው ይቆማል።»

ትምህርቱ ሲያልቅ አቶ ላቀው መምህርቷን ለብቻቸው አነጋገሯቸው።

«ዜሮ መሆኑን አውቃለሁ» አሉ መምህርት ዓይንአዲስ እጃቸውን እየታጠቡ። «ሦስተኛው ነው።»

«ሕልሙ ሰማያዊው ሣጥን ውስጥ ነው። አሁን ገባኝ። ልጆቹ የሚያጠኑት ቤታቸው ሄደው ነው።»

«እንዳይከፍቱት።»

«ካልከፈትኩት ኮርሱ ይዘጋል። እርስዎም ይሄዳሉ።»

«ልጆቹ ቤታቸውን አምነው የሰጡት ለመስኮትዎ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም። በእኔ ምክንያት እንዳይከፍቱት።»

«ለእነርሱ ቢነገራቸውስ? ራሳቸው ፈቅደው...»

መምህርቷ ሳቅ አሉ። «ተማሪን ስለ ሕልሙ ማግባባት ማስረጃን ማዛባት ነው። አንቀጽ ዘጠኝ። በየዓመቱ ሥልጠና እየጠሩ በቃላችን ያስጠኑን ማን ሆነና?»

ረቡዕ አቶ ላቀው ወደ አካዳሚክ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ወደ ዶክተር አለልኝ ቢሮ ሄዱ። ዶክተር አለልኝ ገና አርባ ያልሞላቸው፣ የዚሁ የጨፌ ዳር ምሩቅ ናቸው። አንቀጽ ሰባትን ለማሻሻል ሁለት መንፈቅ ዓመት እንደሚፈጅ ሁለቱም ያውቁ ስለነበር ስለዚያ አልተነጋገሩም።

«ጋሼ ላቀው፣ ቁልፉ አንገትዎ ላይ ነው» አሉ ዶክተሩ። «ይክፈቱ፣ ይቁጠሩ፣ መልሰው ይዝጉ። ለደግ ነገር ነው። ማንም አይጎዳም።»

«ጥሩወርቅን ያስታውሷታል?»

ዶክተሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ያን ጊዜ የተማሪዎች ተወካይ ነበርኩ። ጉባኤው ላይ ነበርኩ።»

«የሳቀው ማን እንደሆነ አላወቅሁም እስከ ዛሬ።»

ዶክተር አለልኝ ወደ በሩ ተመለከቱ፤ ጸሐፊያቸው እንዳልሰማች ሲያረጋግጡ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንዱ እኔ ነኝ» አሉ። «እንግዲህ ዜሮ ይጻፉ። ምን እንላለን።»

«ሪፖርቱ የሚታሸገው የፊታችን ሳምንት ዓርብ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ዘጠኝ ቀን አለኝ።»

«ለምን ይሆንዎታል?»

አቶ ላቀው በዋዜማው ማታ በመመሪያው ውስጥ ማንም ተጠቅሞበት የማያውቅ አንቀጽ አግኝተው ነበር። ማንኛውም የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ሪፖርቱ እስኪታሸግ ድረስ በፈለገው ኮርስ በተማሪነት ሊመዘገብ ይችላል ይላል። ተከታዩ አንቀጽ ግን ሕልም የሚሰጥ ሰው ከዚያ በኋላ ሕልም ሊለይ፣ ሪፖርት ሊያዘጋጅ፣ ቁልፍ ሊይዝ እንደማይችል ይደነግጋል፤ ይህም እስከ ጡረታው ድረስ ነው። ኮርሱን ለማዳን አንድ ሕልም ይበቃል። የተመዘገበበት ኮርስ ከዜሮ ይወጣል።

ሐሙስ ጠዋት ሬጅስትራር ደርሰው ለአፈር ንባብ ተመዝግበው ሲመለሱ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ምክትላቸው በሆነችው በረድኤት ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ረድኤት የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ስትሆን፣ ሕልም በማንበብ ፍጥነት የሚወዳደራት አልነበረም።

«ጋሼ፣ አብደዋል?»

«ትራስ ስጪኝ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው! ጡረታዎ ሊደርስ አራት ዓመት ሲቀረው!»

«ትራስ፣ ረድኤት።»

መጋዘን ገብታ ወጣች። «ያለው ይኼ ብቻ ነው። ለሠራተኞች ልጆች ተብሎ የመጣ ነው፤ ዳክዬ አለበት።»

«ዳክዬ ጥሩ ነው» አሉ አቶ ላቀው፤ ትራሱን በብብታቸው ይዘው ወጡ።

ከትምህርት በፊት ከደጃፋቸው አፈር ቋጥረው ይዘው ሄዱ። መምህርት ዓይንአዲስ አሹት፤ አሸተቱት፤ በጣታቸው በተኑት።

«ይኼ አፈር አይደለም፣ አቶ ላቀው። የግንባታ ፍርስራሽ ነው። ሲሚንቶና ጡብ። የመምህራን ቤቶች ሲሠሩ የሞሉት ነው።» አቧራውን ከእጃቸው አራገፉ። «ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ላይ ነው የተኙት?»

«ሌላ ደጃፍ አለኝ» አሉ አቶ ላቀው። «ከማዶ ነው።»

ከጨፌው ማዶ፣ ጭጋጉ ከፍ ባለ ቀን ከቢሯቸው መስኮት የሚታይ አንድ ደልዳላ ነበር። አባታቸው አቶ ዘርጋው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያን መሬት አረሱ፤ መሬቱ ግን ሰጥቷቸው አያውቅም። በአካባቢው ሰነፍ ተባሉ። ልጃቸው ላቀውም በልጅነቱ ይህን ሰማ፤ አመነው፤ አድጎም በጥራት ሥራ ተሰማራ። አባትየው የሞቱት ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የውጭ ገምጋሚዎች በመጡበት ሳምንት ነው። አቶ ላቀው መልእክቱ ሲደርሳቸው «ሪፖርቱን ልጨርስና» አሉ። ሲሻገሩ ቀብሩ አልፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተሻገሩም፤ ጠዋት ጠዋት ግን ጣሪያው ሲዘም፣ ከዚያም ሲወድቅ በመስኮት ያዩ ነበር።

እሑድ በደንገሉ መካከል ባለው መንገድ ተሻገሩ። ቤቱ የለም። የመግቢያው ደፍ ድንጋይ ብቻ በሣር ውስጥ ተኝቷል። ከድንጋዩ አጠገብ ሁለት ስንዝር ቆፍረው አንድ ጭብጥ አፈር አወጡ፤ እርጥብና ከባድ ነበር። በነጭ መሐረባቸው ቋጥረው ተመለሱ።

ሰኞ መምህርት ዓይንአዲስ ቋጠሮውን ፈተው አዩትና መልሰው ቋጠሩት።

«ምን አዩበት?» አሉ አቶ ላቀው።

«እኔ ያየሁት አይጠቅምዎትም። ተኝተው ይደሩበት።»

ከተመዘገቡበት ቀን ማግሥት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አቶ ላቀው ዳክዬውን ይዘው በሰልፉ ውስጥ ይቆሙ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ተማሪዎቹ ቦታ ሊለቁላቸው ሞከሩ፤ እርሳቸው እምቢ አሉ። «ጋሼ፣ ዳክዬው እንዴት አደረ?» ይሏቸዋል። «ዝም ብሎ አደረ» ይላሉ። ጭጋጉ ውስጥ ቆመው የሌላውን ሰው ትከሻ እያዩ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ከዚያ በፊት አያውቁም ነበር። በመስኮቱ በኩል ሁልጊዜ የሚያዩት ሰልፉን ነበር እንጂ የተሰለፈውን ሰው አልነበረም።

«የቤት ነው የትምህርት?»

«ባዶ።»

ማክሰኞም ባዶ ነበር። ረቡዕ ሕልም አዩ፤ ለረድኤት «የትምህርት» አሏት። ወረቀቱን አንሥታ አነበበች፤ በሕልማቸው ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱን የመመሪያ ገጾች ሲቆጥሩ አንድ ገጽ ይጎድላቸዋል።

«ይኼ ለየትኛውም ኮርስ አይገባም፣ ጋሼ» አለች።

«አውቃለሁ። እኔም ብሆን አላስገባውም ነበር።»

ረድኤት ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። «አንድ መስመር ብጨምርበትስ? "አፈር" የሚል አንድ ቃል። ማንም አያይም።»

«የሚቀጥለውን ጥሪ፣ ልጄ።»

ሐሙስም ባዶ ነበር። በዚያ ቀን መምህርት ዓይንአዲስ መጻሕፍታቸውን በካርቶን ማድረግ ጀመሩ። ለተማሪዎቹ ዳሱን ሊያጸዱ እንደሆነ ነገሯቸው፤ ተማሪዎቹም አመኑ።

ዓርብ ጭጋጉ ከሌላው ቀን ይልቅ ወፍራም ነበር። አቶ ላቀው በሰልፉ ውስጥ ሲቆሙ ከፊታቸው ያለውን ተማሪ አላዩትም። ከኋላቸው ያብስራ ቆማለች። ዛሬ ስለ ዳክዬው የጠየቀ የለም፤ የሽማግሌው ፊት ያን የሚያስጠይቅ አልነበረም። ተራቸው ሲደርስ ትራሱን በደፉ ላይ አኖሩ፤ እጃቸውን ግን ከላዩ አላነሡም።

«የቤት ነው የትምህርት?» አለች ረድኤት።

አቶ ላቀው በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ማንም ያላለውን ነገር ነው የሚሉት።

«የቤት ነው» አሉ። «ይከፈት።»

ረድኤት ቀና ብላ አየቻቸው። «ሰው ይሰማል፣ ጋሼ።»

«አንቀጹ ባለቤቱ ካዘዘ ይነበባል ይላል። አንብቢ።»

እጃቸውን አነሡ። ረድኤት መዳፏን ትራሱ ላይ አሳረፈች፤ ወረቀቱን አንሥታ እንደ ወትሮው ዝቅ ባለ ድምፅ ማንበብ ጀመረች። በጭጋግ ውስጥ ዝቅ ያለ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል።

«ቤት ውስጥ ነኝ። ጣሪያ የለም፤ ጭጋጉ ጣሪያ ሆኗል። አባቴ ወለሉ ላይ ተንበርክኳል። "መጣህ?" ይላል እንጂ ቀና ብሎ አያየኝም። ሪፖርት አለብኝ እለዋለሁ። "ጨርስና ና" ይለኛል። አይቆጣም። እጁን እስከ ክርኑ ወለሉ ውስጥ ሰዶ አንድ ጭብጥ አፈር ያወጣል። ግራጫ ነው፤ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ የዝገት ነጠብጣብ አለበት። ሳላስበው እናገራለሁ። አባዬ፣ ይኼ አፈር ታፍኗል፤ ውሃ ተኝቶበት አየር አላገኘም፤ ምንም ቢያርሱት አይሰጥም እለዋለሁ። ያን ጊዜ ቀና ይላል። "እንግዲያስ እኔ ሰነፍ አልነበርኩም?"...»

ረድኤት እዚህ ላይ ቆመች። ከሰልፉ አንድም የሳቀ የለም።

«ቀጥዪ» አሉ አቶ ላቀው።

«... "አልነበርክም" እለዋለሁ። አካፋ ይሰጠኛል። ከደፉ ድንጋይ ጀምረን ወደ ጨፌው ቦይ እንቆፍራለን። ውሃው መሄድ ሲጀምር ድምፁ ይሰማኛል።» ወረቀቱን አስቀመጠች። «ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

ረድኤት መዝገቡን ገለጠች። «የአፈር ንባብ» ከሚለው ስም ፊት ለፊት፣ ዜሮ ሊጻፍበት በተዘጋጀው ቦታ፣ አንድ ብላ ጻፈች። ሰዓቱንም አሰፈረች፤ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ይላል። ሪፖርቱ እስኪታሸግ ከአምስት ሰዓት በላይ ይቀራል።

አቶ ላቀው ትራሳቸውን አንሥተው ፈቀቅ አሉ። ያብስራ ወደ መስኮቱ ቀረበችና ትራሷን በደፉ ላይ አኖረች። ረድኤት መዳፏን አሳረፈች።

«የቤት ነው የትምህርት?»

ያብስራ ሽማግሌውን አየች፤ ከዚያም ረድኤትን።

«የቤት» አለች። «ይታሸግ።»

ረድኤት አሸገችው፤ ስሟንና ቀኑን ብቻ ጻፈች፤ ወረቀቱን ሰማያዊው ሣጥን ውስጥ አስገባችና በአንገቷ ባለው ቁልፍ ቆለፈችው። አቶ ላቀው መቆለፊያው ቀጭ ሲል እስኪሰሙ ድረስ ቆሙ። ከዚያ ዳክዬውን በብብታቸው አድርገው፣ ያብስራን አስቀድመው፣ ወደ ዳሱ በሚወስደው መንገድ ጭጋጉ ውስጥ ገቡ።